የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተገዛ ተከታይና የጠፋ ገበያተኛ

በዚህ ዕትም መልስ የምንሰጥባቸው ሦስት ጥያቄዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ናቸው። ሦስቱም በማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ ስም ስለሚሸጥ ሐሰተኛ ላይክ፣ ተከታይና ክሊክ የሚያነሡ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የጠያቂዎቹን ስም በጥያቄያቸው መሠረት አላወጣነውም።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ መጋረጃና የሶፋ ልብስ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። የፌስቡክ ገጽ ከከፈትኩ ከአራት ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አዲስ ዕቃ ስለጥፍ ዋጋ የሚጠይቁኝ፣ ከሐይቅና ከኩታበር ድረስ የሚመጡልኝ ደንበኞች ነበሩኝ። ከጥር ሠርግ በፊት አንድ ወጣት «ገጽሽን አሳድግልሻለሁ፤ ሁሉም ኢትዮጵያውያን ናቸው» ብሎ 10,000 ተከታይ በ5,000 ብር ጨመረልኝ። በአራት ቀን ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ግን ዕቃ ስለጥፍ የማገኘው ላይክ ከበፊቱም አንሷል፤ የሚደውልልኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ወጣቱ «ገጹ ገና አልለመደም፣ ሌላ 10,000 እንጨምርበት» ይለኛል። ልጨምር ወይ? ተከታዮቹ ሐሰተኛ መሆናቸውንስ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ እንዳይጨምሩ። ገጽዎ ላይ የደረሰው የመልመድ ጉዳይ አይደለም፤ ሁለተኛው 10,000 የመጀመሪያው ያደረሰውን ጉዳት ያባብሰዋል እንጂ አያስተካክለውም። ምክንያቱ ግልጽ እንዲሆንልዎ በመጀመሪያ የተሸጠልዎ ምን እንደሆነ እንመልከት።

በአራት ቀን የገባ 10,000 ተከታይ መጋረጃ ፈልጎ የመጣ ሰው ሊሆን አይችልም። እንዲህ ያለው ተከታይ አንዳንዱ ቦት የሚባለው፣ በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚንቀሳቀስ አካውንት ነው። ሌላው የሚመጣው ክሊክ ፋርም ከሚባሉት ቤቶች ነው፤ እነዚህም በርካሽ የተቀጠሩ ሰዎች ስልክና ኮምፒውተር ደርድረው፣ ስለማያውቁት ድርጅትና ስለማያዩት ዕቃ ቀኑን ሙሉ ላይክና ፎሎው ሲጫኑ የሚውሉባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የእንግሊዝ ጋዜጠኞች በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ የደረሱባቸው እንዲህ ያሉ ቤቶች አንድ ሺህ ላይክ በ15 ዶላር ይሸጡ ነበር፤ ለሠራተኛው ለአንድ ሺህ ክሊክ የሚደርሰው ግን ወደ አንድ ዶላር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 የታይላንድ ፖሊስ ከካምቦዲያ ድንበር አጠገብ በፈተሸው አንድ ቤት ውስጥ ደግሞ 500 ገደማ ስልኮችና ወደ 350,000 የሚጠጉ ሲም ካርዶች ተገኝተዋል። ሲም ካርዱ የዚህን ያህል የሚከማቸው አካውንት ሲከፈት የስልክ ቁጥር ስለሚጠየቅ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ሌላ ምንጭ አለ፤ እሱም የእውነተኛ ሰዎች አካውንት ነው። «ነፃ ተከታይ እንሰጣለን» ለሚል መተግበሪያ የይለፍ ቃሉን አሳልፎ የሰጠ ሰው፣ አካውንቱ እሱ ሳያውቅ በስሙ የማያውቃቸውን ገጾች ሲከተል ይውላል። ስለዚህ ወጣቱ «ኢትዮጵያውያን ናቸው» ያለዎት በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስሙና ፎቶው የአገር ልጅ መሆኑ፣ ባለቤቱ የእርስዎን ሱቅ አንድም ቀን አይቶ የማያውቅ ሰው ከመሆን አያድነውም።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንምጣ። ፌስቡክ አንድ ዕቃ ሲለጥፉ ለተከታዮችዎ ሁሉ አያሳየውም። ማን ሊፈልገው እንደሚችል ከቀድሞ ልማድ እየገመተ በመጀመሪያ ለተወሰኑት ያቀርበዋል፤ እነሱ ቆም ብለው ካዩት፣ ከጻፉበት ወይም ለሌላ ከላኩት ለተጨማሪ ሰዎች ያሰፋዋል፤ ዝም ብለው ካለፉት ግን ሥርጭቱን ይቀንሰዋል። ቀድሞ ከተከታዮችዎ አብዛኛዎቹ የሚያውቁዎት ሰዎች ስለነበሩ ከመካከላቸው ለጥቂቶቹ ብቻ ሲታይ እንኳ የሚጠይቅ ይገኝ ነበር። አሁን በእነዚያ መካከል ምንም የማይመልሱ 10,000 አካውንቶች ስለገቡ፣ ፌስቡክ የሚያነበው «ይህን ገጽ የሚከተሉት ሰዎች እንኳ የማይፈልጉት ዕቃ ነው» የሚል መልእክት ነው። ሱቅዎን ዕቃ በማይገዛ ሰው ሞልቶ፣ ከሐይቅ የመጣችውን ደንበኛ በር ላይ እንደማስቀረት ማለት ነው። ደንበኛዎ አልጠላችዎትም፤ አዲሱ መጋረጃዎ አልደረሳትም።

ይህ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገ ለራሱ ለፌስቡክ ከፍለው ማስታወቂያ ማሰራጨት ሲያምርዎት፣ «ተከታዮቼን ለሚመስሉ ሰዎች አሳይልኝ» የሚል ምርጫ ያገኛሉ። ተከታዮችዎ ሐሰተኞች ከሆኑ ሥርዓቱ የሚፈልግልዎት እነሱን የሚመስሉትን ነው፤ በሕጋዊ መንገድ የከፈሉት ገንዘብም እንደገና በዚያው በኩል ይፈስሳል። እኛ ከ5,000 ብሩ ይልቅ የምናዝነው በዚህ ነው፤ 5,000 ብር ጠፍቶ ይቀራል፣ ይህ ግን ገጹ እስካለ ድረስ አብሮ ይኖራል።

ሐሰተኛነታቸውን ለማወቅ ከገጽዎ የመረጃ ክፍል ገብተው ተከታይዎ በየቀኑ ያደገበትን ሥዕል ይመልከቱ፤ ለዓመታት ቀስ እያለ የወጣ መስመር በአራት ቀን ቀጥ ብሎ ከተነሣና ከዚያ ከቆመ፣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ቀጥሎ ተከታዮቹ የሚኖሩባቸውን አገሮችና ከተሞች ይዩ። እዚህ ላይ ግን ለወሎ ሰው የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ስለ ሐሰተኛ ተከታይ በሌላ አገር የተጻፉ ምክሮች «ተከታይህ ከውጭ አገር ከበዛ ተጠራጠር» ይላሉ። ከእኛ አካባቢ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ኩዌትና ወደ ቤይሩት የሄደው ወገን ብዙ ነው፤ ለእናቱ ቤት መጋረጃ መርጦ፣ ገንዘብ ልኮ፣ «እህቴ መጥታ ትውሰደው» የሚልዎት ደንበኛ ከዚያው ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬ የሚያስነሣው ምንም ዝምድና ከሌለን አገር በአንድ ጊዜ የመጣ ሕዝብ ነው። የፊት ፎቶ አለመኖሩም ብቻውን ምልክት አይሆንም፤ በተለይ ሴቶች የራሳቸውን ፎቶ ከማውጣት ይልቅ አበባ፣ የቅዱሳን ሥዕል ወይም የካዕባን ፎቶ ማስቀመጥ ይመርጣሉ፣ ስማቸውንም ይለውጣሉ። ይልቅ ከአዲሶቹ ተከታዮች ጥቂት ስሞችን በዘፈቀደ ከፍተው፣ ሰውዬው ምን እንደሚከተል ይመልከቱ፤ የብራዚል የጥርስ ሐኪም፣ የህንድ ሆቴልና የእርስዎን መጋረጃ አንድ ላይ የሚከተል አካውንት የሚኖረው በሽያጭ ላይ ነው። ሐሰተኛ አካውንቶች ያልተከፈለባቸውን ገጾችም ጭምር ላይክ ያደርጋሉ፤ ይህንንም የሚያደርጉት ተራ ሰው ለመምሰል ነው።

አንድ ነገር በሚዛን ላይ ይግባ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከገጽዎ ርቀው ያልተመለሱ እውነተኛ ደንበኞች ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ የቀዘቀዘውን ሁሉ በ10,000ው ላይ አናላክክም። የቀዘቀዘበትን ወር ከተከታዩ መግቢያ ቀን ጋር ያስተያዩ።

ፌስቡክ ራሱ አያጸዳቸውም ወይ ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብቻ 2.2 ቢሊዮን ገደማ ሐሰተኛ አካውንቶችን መዝጋቱን አስታውቋል፤ አብዛኞቹ የተዘጉት ግን ገና እንደተከፈቱ ሲሆን፣ በሥራ ላይ ካሉት አካውንቶች 5 በመቶ ያህሉ ሐሰተኛ እንደሚሆኑ በዚያው ጊዜ ገምቶ ነበር። በዚያው ዓመት በላትቪያ ሪጋ የሚገኘው የኔቶ የስትራቴጂክ ኮሙኒኬሽን ማዕከል ለሙከራ 300 ዩሮ አውጥቶ በፌስቡክ፣ በኢንስታግራም፣ በትዊተርና በዩቲዩብ ላይክ፣ ኮሜንት፣ ዕይታና ተከታይ ገዛ፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ከአምስቱ አራቱ እዚያው እንዳሉ ነበሩ። ለኩባንያዎቹ ጥቆማ ከደረሳቸው አካውንቶች ናሙና ውስጥም ከሦስት ሳምንት በኋላ 95 በመቶው አልተነካም። ስለዚህ ጽዳቱን ከእነሱ መጠበቅ የሚያዋጣ አይመስለንም።

የእኛ አሳብ እንዲህ ነው። ወጣቱ የገጽዎ አስተዳዳሪ ሆኖ ከገባ ዛሬውኑ ያስወጡት፤ የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውንም አሠራር ይክፈቱ። ተከታይን ከገጽ ማስወጣት ይቻላል፤ ሆኖም 10,000 አካውንት እየለዩ መልቀም ሱቅ ለያዘ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። ከተከታዮችዎ የሚበዙት የተገዙት ከሆኑ አዲስ ገጽ መክፈት ይሻላል እንላለን። በአሮጌው ገጽ ላይ የአዲሱን አድራሻ ለጥቂት ሳምንታት ደጋግመው ይለጥፉ፤ ሱቅ ለሚመጣ ሁሉ እዚያው ቆሞ ሳለ አዲሱን ገጽ ወይም የቴሌግራም ቻናልዎን ይክፈቱለት። 300 ሰው ብቻ ቢኖረው አይፈሩ። መጋረጃ የሚገዙ 300 የደሴ፣ የሐይቅና የኮምቦልቻ ሰዎች ያሉበት ገጽ ለእርስዎ በቂ ሥራ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ፍሪጅ፣ ምድጃና የልብስ ማጠቢያ እሸጣለሁ። ዶላር የሚከፈልበት ካርድ ስለሌለኝ አዲስ አበባ ላለ አንድ የማስታወቂያ ሠራተኛ በብር ከፍዬ የ300 ዶላር ማስታወቂያ በፌስቡክ አስነገርኩ። ሲጨርስ 20,000 ክሊክ ማግኘቴን የሚያሳይ ፎቶ ላከልኝ፤ የደወለልኝ ሰው ግን ከአሥር አይበልጥም። ተታልያለሁ? ደግሞስ አንድ ብዙ ተከታይ ያለው ቲክቶከር ዕቃዬን ላስተዋውቅልህ እያለኝ ነውና ምን ልጠይቀው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከሁለት አንዱ ሆኗል፤ ወይ ማስታወቂያው ከነጭራሹ አልተሰራጨም፣ ወይ ተሰራጭቶ ለተሳሳተ ዓላማ ውሏል። ፎቶው የትኛው እንደሆነ አይነግርዎትም፤ በስክሪን ፎቶ ላይ ቁጥር መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። በአገራችን የካርድና የውጭ ምንዛሪ ችግር ነጋዴውን በአማላጅ እንዲሠራ ስላስገደደው፣ ከፋዩ ገንዘቡ የዋለበትን ሳያይ ይቀራል። ይህ መለመድ የለበትም። የማስታወቂያ አካውንቱ በእርስዎ ስም ተከፍቶ ሠራተኛው በተወካይነት ይግባ፤ ይህ ባይሆንለት እንኳ ማስታወቂያው የሚተዳደርበትን ክፍል እንዲያዩ ፈቃድ ይስጥዎት። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ስለሚልክ ያንን ደረሰኝ ይጠይቁት። ለእርስዎ ማሳየት የማይፈልግ ሰው ጋር ሁለተኛ አይሥሩ።

ማስታወቂያው በእርግጥ ተሰራጭቶ ከሆነ፣ የተመረጠውን ዓላማ ይመልከቱ። ፌስቡክ የታዘዘውን ያመጣል፤ ክሊክ አምጣ ከተባለ ክሊክ የማድረግ ልማድ ያላቸውን ሰዎች በርካሽ ይፈልጋል፣ እነሱ ፍሪጅ መግዛት አለመግዛታቸው ጉዳዩ አይሆንም። የእርስዎ ዕቃ የሚሸጠው በንግግር ነውና ዓላማው ሰው መልእክት እንዲልክ ወይም እንዲደውል ሆኖ መመረጥ ነበረበት፤ ቁጥሩ ከ20,000 ወደ ጥቂት መቶዎች ይወርዳል፣ የሚጠይቀው ሰው ግን የእውነት ጠያቂ ነው። ቦታውንም ይወስኑ። ከተማ መርጦ ዙሪያውን በኪሎ ሜትር መከለል ስለሚቻልና ደሴ ከእናንተ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትርቅ፣ ሁለቱን ከተሞች በአንድ ክልል ማካተት አያስቸግርም። ሌላው ኦዲየንስ ኔትወርክ የሚባለውን ማጥፋት ነው፤ ይህ ማስታወቂያዎን ከፌስቡክ ውጭ በሚገኙ ጌሞችና መተግበሪያዎች ላይ የሚያሰራጭ ክፍል ሲሆን፣ ሕፃን ልጅ ጌም ሲጫወት በስሕተት የነካው ሁሉ ክሊክ ሆኖ ይቆጠርብዎታል።

በሐሰተኛ ክሊክ የሚጎዳው ትንሹ ነጋዴ ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ ፍርድ ቤት አሌክሳንደር ዡኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ላይ የ10 ዓመት እስር ፈርዷል። ይህ ሰው በኪራይ ባስቀመጣቸው ኮምፒውተሮች ላይ ሰው መስለው ድረ ገጽ የሚከፍቱ ፕሮግራሞችን አሰማርቶ፣ ማንም ዓይን ላላየው ማስታወቂያ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከታላላቅ ድርጅቶች ሰብስቧል።

ቲክቶከሩን በተመለከተ የተከታዩን ብዛት ለጊዜው ይተዉት። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ፣ በራሱ ስልክ ላይ የመረጃውን ክፍል እንዲከፍትልዎ ይጠይቁት፤ በፎቶ ይላክልኝ አይበሉ። የመጨረሻዎቹ አሥር ቪዲዮዎች በአማካይ ስንት ሰው አያቸው? ተመልካቹስ ከየት ነው? አዲስ አበባ ያለ ተመልካች ኮምቦልቻ መጥቶ ፍሪጅ አይገዛም፤ ሰውዬው ሐሰተኛ ባይሆንም ለእርስዎ አይጠቅምም ማለት ነው። ከኮሜንቶቹ መካከል ዋጋ የሚጠይቅ፣ የሚከራከር፣ ዕቃውን በስሙ የሚጠራ ሰው ካለ ጥሩ ምልክት ነው፤ ልብና እሳት ብቻ ተደርድሮ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። ክፍያውን ከፍሎ ከመተው ይልቅ በቪዲዮው ላይ የሚነገር አንድ ቃል ተስማምታችሁ፣ ያንን ቃል ለሚጠቅስ ገዢ ትንሽ ቅናሽ ያድርጉ፤ ለቲክቶከሩም ከፊሉን ክፍያ በመጣው ሰው ልክ ይስጡት። በተከታዮቹ የሚተማመን ሰው በዚህ ውል አይከፋም።

ስለ ሕጉ ላልጠየቁን ጥያቄ ጥቂት እንበል። በአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከእውነት የራቀና አሳሳች እንዳይሆን ይደነግጋል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን ይከለክላል። በአሜሪካ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ዴቩሚ የተባለውን የሐሰተኛ ተከታይ ሻጭ በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ክስ አስፈርዶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ ደግሞ ለንግድ ጥቅም ሲባል ሐሰተኛ ተከታይና ዕይታ እያወቁ መሸጥንም መግዛትንም ከልክሏል። ገዢውም መጠየቁ ትክክል ነው ብለን እናምናለን፤ የተገዛ ቁጥር አይቶ ገንዘቡን የሚሰጥ ሦስተኛ ሰው አለና።

ጥያቄ፦ በደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በቴሌግራም «ቪዲዮ ላይክ በማድረግ በቀን 500 ብር» የሚል ሥራ አግኝቼ ሁለት ጊዜ በቴሌብር ትንሽ ብር ገባልኝ። አሁን ወደ ከፍተኛው ደረጃ እንድገባ 3,000 ብር አስገባ ይሉኛል። ጓደኞቼ አስገብተው በስክሪናቸው ላይ ብራቸው ሲያድግ እያየሁ ነው። ብገባ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አታስገባ። እውነተኛው ክሊክ ፋርም እንኳ ለአንድ ሺህ ክሊክ የሚከፍለው ምን ያህል እንደሆነ ከላይ ጽፈናል፤ ለጥቂት ላይክ በቀን 500 ብር የሚከፍል ገበያ የለም። የእነዚህ ሰዎች ገቢ ላይኩ ሳይሆን አንተና ጓደኞችህ የምታስገቡት 3,000 ብር ነው። በመጀመሪያ የላኩልህ ትንሽ ብር እምነትህን የገዙበት ሲሆን፣ በጓደኞችህ ስክሪን ላይ የሚያድገው ቁጥር ደግሞ ባለቤቶቹ የሚጽፉት ቁጥር ነው። ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ከጓደኞችህ አንዱ ያስገባውን ሙሉ ገንዘብ ዛሬ ወደ ቴሌብሩ እንዲያወጣ ሞክሩት፤ «መጀመሪያ ግብር ክፈል»፣ «አካውንትህ ታግዷል፣ ማስከፈቻ ላክ» የሚል መልስ ከመጣ ነገሩ አልቋል፣ ያንን ተጨማሪ ክፍያም እንዳይከፍል። ጓደኞችህ ሌላ ሰው ጋብዘው ከሆነ ለጋበዙት ሰው ዛሬውኑ ይንገሩት፤ ተጋባዡ የሚያምነው ቻናሉን ሳይሆን እነሱን ነውና።

ገንዘብ የገባባቸው የስልክ ቁጥሮች፣ የቴሌብር የግብይት ቁጥሮችና ንግግሩ ያለበት ገጽ ፎቶ ተነሥተው ይቀመጡ፤ ቻናሉ በማንኛውም ሰዓት ሊጠፋ ስለሚችል ይህ ከማውራትም በፊት ይቅደም። ከዚያ በኋላ ወደ ፖሊስና ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የደሴ ማዕከል አንድ ላይ ሆናችሁ ብትሄዱ፣ የብዙ ሰው አቤቱታ ከአንድ ሰው አቤቱታ ይልቅ ይደመጣል። በምዝገባው ጊዜ የመታወቂያህን ፎቶ ሰጥተህ ከሆነም በስምህ የማታውቀው ሲም ካርድ ወጥቶ እንደሆነ በዚያው አስፈትሽ።